ላሪ ሆገን በሜሪላንድ፦ ስላከራከሩ ውሳኔዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ላሪ ሆገን ከጃንዋሪ 2015 እስከ ጃንዋሪ 2023 የአሜሪካዋን ክፍለ ግዛት ሜሪላንድን ያስተዳደሩት ምክር ቤቱ በዴሞክራቶች እጅ እያለ ነው። ይህን ካልያዝን ብዙው ነገር አይገባንም።

ጥያቄ፦ የባልቲሞሩ «ሬድ ላይን» ባቡር ጉዳይ እስከ ዛሬ የሚነሣው ለምንድን ነው?

መልስ፦ መስመሩ ከምዕራብ ዉድላውን ተነሥቶ በመሀል ከተማው በኩል ምሥራቅ ቤይቪው የሚደርስ 14 ማይል ያህል ቀላል ባቡር ነበር። ወጪው 2.9 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ 900 ሚሊዮኑን የፌዴራሉ መንግሥት ሊሰጥ ነበር። ሆገን ጁን 25 ቀን 2015 ሰረዙት። ዋና መከራከሪያቸው ከመሀል ከተማው ሥር የሚቆፈረው ዋሻ ውድ መሆኑ ነው። ዋሻው ውድ መሆኑ እውነት ነው። ሂሳቡ ግን እዚያ አያበቃም፤ ክፍለ ግዛቱ ለጥናትና ለንድፍ ከ280 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ነበር፣ የፌዴራሉም ገንዘብ ቀረ። ክፍለ ግዛቱ መድቦት የነበረው ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው ከባልቲሞር ውጭ ወዳሉ መንገዶች ዞረ። መኪና የሌላቸው ቤተሰቦች በብዛት የሚኖሩበት ምዕራብ ባልቲሞር ጥቁሩ ወጣት ፍሬዲ ግሬይ በፖሊስ እጅ ሳለ ከሞተ በኋላ ከተነሣው ሁከት ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነበር። የዘር አድልዎ አለበት የሚል አቤቱታ ለፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቢቀርብም ጥፋት አለ ተብሎ ሳይወሰን ተዘጋ። በእኔ እምነት ይህ የስምንት ዓመታቸው ትልቁ ስሕተት ነው። ተተኪያቸው ዌስ ሙር በ2023 ዕቅዱን እንደገና ከፍተውታል፤ የጠፋውን ጊዜ ግን መመለስ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ምክር ቤቱ የዴሞክራቶች ከሆነ ታዲያ ለምን አላስቆሟቸውም?

መልስ፦ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። አገረ ገዥው ሕግን በቪቶ ሲጥል ምክር ቤቱ በሦስት አምስተኛ ድምፅ ይሽረዋል፤ ማለትም ከ141 ተወካዮች 85፣ ከ47 ሴናተሮች 29 ያስፈልጋል። ዴሞክራቶቹ ይህ ቁጥር ነበራቸው። የባቡሩ ስረዛ ግን ቪቶ ስላልሆነ የሚሻር ነገር አልነበረም። በዚያ ላይ በዚያን ጊዜ ምክር ቤቱ ከአገረ ገዥው በጀት መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር። ሕዝቡ ይህን ያሻሻለው በ2020 በሰጠው ድምፅ ነው። ስለዚህ የሆገንን ውሳኔዎች ስትመዝኑ መጀመሪያ «ብዕሩ በማን እጅ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ብቻቸውን የፈረሙት በአብዛኛው ጸንቷል። ምክር ቤቱ ሊሽረው የሚችለው ቪቶ ግን ብዙ ጊዜ ወድቋል፦ የ15 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ በ2019፣ የትምህርት ማሻሻያው በ2021፣ የፖሊስ ተጠያቂነት ሕጎች በዚያው ዓመት፣ የፅንስ ማቋረጥ አገልግሎት ሕግ በ2022፤ ሁሉም ቪቶው ተሽሮ ጸደቁ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ቦኒፋንት መንገድ አካባቢ ሱቅ ላለን ሰዎች የ«ፐርፕል ላይን» ባቡር ግንባታ ስንት ዓመት አስጨነቀን። ይህስ የእሳቸው ጥፋት ነው?

መልስ፦ በከፊል። ሬድ ላይንን በሰረዙበት ቀን ይህን የ16 ማይልና የ21 ጣቢያ መስመር አጸደቁት። የክፍለ ግዛቱን ድርሻ ቀነሱና ግንባታውንም ሥራ ማስኬዱንም ለግል ኩባንያዎች ጥምረት በ36 ዓመት ውል ሰጡ። እንዲህ ያለ ውል የሚበላሸው መሬቱ ሳይለቀቅ፣ ከመንገዱ ሥር ያለው ቧንቧና ሽቦ ሳይነሣ ቀን ሲቆረጥለት ነው፤ እያንዳንዱ የዘገየ ቀን በክፍለ ግዛቱ ላይ ሂሳብ ይሆናል። በዚህ ላይ ነዋሪዎች የመሠረቱት ክስ ጊዜ በላ። በ2020 ገንቢው ሥራውን ጥሎ ወጣ፤ ክፍለ ግዛቱም በ250 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። ጠቅላላ ውሉ ከ5.6 ቢሊዮን ወደ 9.3 ቢሊዮን አደገ። በ2022 ሊከፈት የታሰበው ወደ 2027 ተገፋ። ክሱን ያመጡት ሆገን አይደሉም፤ የውሉ ቅርጽ ግን የአስተዳደራቸው ነው።

ጥያቄ፦ ከደቡብ ኮርያ የመጣው የኮቪድ መመርመሪያስ? አንዳንዱ ጀግንነት፣ አንዳንዱ ቅሌት ይለዋል።

መልስ፦ ኤፕሪል 18 ቀን 2020 ግማሽ ሚሊዮን መመርመሪያ በ9.46 ሚሊዮን ዶላር ተገዝቶ በአውሮፕላን ገባ፤ ትውልደ ኮርያዊቷ ባለቤታቸው ዩሚ ሆገን በድርድሩ ረድተዋል። ዋሽንግተን እጁን አጣጥፎ በነበረበት ወቅት መሯሯጣቸውን አልነቅፍም። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የመጀመሪያው ጭነት ሥራ ላይ አልዋለም። ተጨማሪ 2.5 ሚሊዮን ተከፍሎ በሌላ ተለወጠ፤ ሕዝቡም ይህን የሰማው ከወራት በኋላ ከጋዜጣ ነው። የምክር ቤቱ ኦዲተሮች በ2021 መደበኛ የጽሑፍ ውል እንዳልነበረ አገኙ። በአስቸኳይ ግዢ ጨረታ ይቀራል እንጂ ውል አይቀርም፤ ዕቃው ባይሠራ ገንዘብህን የምታስመልሰው በወረቀቱ ነውና።

ጥያቄ፦ እህቴ ሬስቶራንት ውስጥ ትሠራለች። የሕመም ፈቃድ ሕጉ የሆገን ነው ትላለች፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ በ2017 ቪቶ አደረጉት፣ በጃንዋሪ 2018 ተሻረ። የእሳቸው አማራጭ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ብቻ የሚያስገድድ ነበር። የጸደቀው ሕግ ግን 15 ሠራተኛ ያለውንም ደመወዝ እየከፈለ ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ከዚያ በታች ያለው ያለ ክፍያ ይሰጣል። ለእህትዎ የሚጠቅማት ይህ ነው፦ በየ30 ሰዓት ሥራ 1 ሰዓት ይጠራቀማል፣ አሠሪው በዓመት ከ40 ሰዓት በላይ እንዲሰጥ አይገደድም። በመጀመሪያዎቹ 106 ቀናት እንዳትጠቀምበት ሊከለክላት ይችላል። በሳምንት ከ12 ሰዓት በታች የሚሠራን ሕጉ አይነካም። ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር የተረፋት ሰዓት በጽሑፍ ሊሰጣት ይገባል። ያንን ትያዝ፤ አቤቱታ የሚቀርበው ለክፍለ ግዛቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ነው።

ጥያቄ፦ በ2021 የሥራ አጥ ክፍያ ሊቋረጥ ሲል ምን ሆነ?

መልስ፦ ሆገን አሠሪዎች ሠራተኛ አጡ ብለው የ300 ዶላሩን የፌዴራል ሳምንታዊ ጭማሪ፣ እንደ ታክሲ ነጂ በግሉ ለሚሠራ የሚከፈለውንም ጨምሮ፣ ከጁላይ 3 ሊያቆሙት ነበር። ሠራተኞች ከሰሱ። የባልቲሞር ዳኛ ጁላይ 13 አገደው፤ ምክንያቱም የሜሪላንድ ሕግ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው የፌዴራል ጥቅሞችን ሁሉ እንዲያስገኝ ያዛል። ክፍያው እስከ ሴፕቴምበር ቀጠለ።

ጥያቄ፦ የቤትና መሬት ድርጅታቸውን ሳይሸጡ ነው ይመሩ የነበሩት?

መልስ፦ አዎ። በሥነ ምግባር ኮሚሽኑ ፈቃድ ለባለአደራዎች ሰጡት እንጂ አልሸጡትም፤ ባለቤቱ የያዘውን ጨርሶ የማያውቅበት ዓይነት አደራም አልነበረም። በሕግ አልተከሰሱም። ሆኖም መንገድ የት እንደሚሠራ የሚወስን ሰው መሬቱ የት እንዳለ እያወቀ ሲወስን፣ ሕጉ ቢፈቅድም እምነት ይጎድላል።

ጥያቄ፦ የጽሕፈት ቤት ኃላፊያቸው የነበሩት ሮይ ማክግራዝስ?

መልስ፦ ከአንድ የመንግሥት ድርጅት ወደ ሆገን ቢሮ ሲዛወሩ 233,647 ዶላር የስንብት ክፍያ ወሰዱ፤ ሆገን አልፈቀድኩም ብለዋል። ማክግራዝ በ2021 ተከሰሱ፣ ክሱን ካዱ፣ ችሎቱ ሊጀመር በነበረበት ቀን ጠፉ። ኤፕሪል 2023 ቴነሲ ውስጥ ሊያዙ ሲሉ ሞቱ። ፍርድ አልተሰጠምና ጥፋተኛ ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ራሴ ማጣራት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ስለ ሕግ ከሆነ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ የረቂቁን ቁጥርና ዓመቱን ያስገቡ፤ ማን እንዴት ድምፅ እንደሰጠ በስም ይወጣል። ስለ ውልና ግዢ ከሆነ የሕዝብ ሥራዎች ቦርድን ይመልከቱ። አገረ ገዥው፣ ኮምፕትሮለሩ (የክፍለ ግዛቱ ሒሳብ ዋና ተቆጣጣሪ) እና የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሦስት ሆነው አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ይሰበሰባሉ። ሁለት ድምፅ ያሸንፋል፤ የስብሰባው አጀንዳና ቃለ ጉባኤ ለማንም ክፍት ነው።