ጥያቄና መልስ፦ ጉድጓዱ ተጠግኖ ሲብስበት ማን ይክፈል?

የግል የውሃ ጉድጓድ አስጠግነው ችግር የገጠማቸው አንባቢዎች ጽፈውልኛል። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ቢለያይም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው።

«ባለሙያው ፓምፑን ጎትቶ ሲያወጣ ቧንቧው ተበጠሰና ፓምፑ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ። ‹ቧንቧው አርጅቶ ነው› ብሎ ለማውጫው ተጨማሪ ሂሳብ ጠየቀኝ። ልክፈል?»

መጀመሪያ የተበጠሰውን ጫፍ ይዩት። ዝገት በልቶት እንደ ወረቀት ሳስቶ ከሆነ፣ ማንም ቢስበው መበጠሱ አይቀርም ነበር። ብረቱ ጤነኛ ሆኖ መጋጠሚያው ላይ ከተፈታ ወይም ከማያዣው አምልጦ ከወደቀ ግን የሥራ ጉድለት ነው። ማውጣቱም የእሱ ዕዳ ነው።

እኔ ከዝገቱ በላይ የማየው ሥራው ሳይጀመር ምን እንደተባለ ነው። ያረጀ ቧንቧ ሊበጠስ እንደሚችል ባለሙያ ያውቃል። እርስዎ እንዲያውቁ አይጠበቅም። አስቀድሞ ነግሮዎት «ይሁን፣ ቀጥል» ካሉ ወጪው የእርስዎ ነው። ትንፍሽ ሳይል ከጀመረ ግን ሙሉውን እርስዎ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ቢያንስ ይጋራ። ያንን ቁራጭ ቧንቧ ደግሞ ከግቢ እንዳያስወጡት! መኪና ላይ ከተጫነ ማስረጃዎም አብሮ ሄደ። ፎቶ ያንሱትና ጥግ ያስቀምጡት።

«አዲሱ ፓምፕ በሦስት ሳምንቱ ተቃጠለ። ሻጩ ‹የገጠመው ሰው ጥፋት ነው› ይላል፤ የገጠመው ‹ዕቃው ነው› ይላል። መሃል ቤት ቀረሁ።»

ሁለቱም ባሉበት ይከፈት። ውሃ ውስጥ የሚሠራ ሞተር የሚቀዘቅዘው በዙሪያው በሚያልፈው ውሃ ነው። ውሃው ሲሸሽበት ይግላል፣ ይቃጠላል። ስለዚህ ገጣሚውን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ፓምፑን ከማውረዱ በፊት የውሃውን ከፍታና ጉድጓዱ በሰዓት የሚሰጠውን መጠን ለክቷል? ሳይለካ ከጉድጓዱ አቅም በላይ የሆነ ፓምፕ መርጦ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው። የፋብሪካ ዋስትና ቢኖርም ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ዕቃውን ብቻ ነው፤ የማውጫና የመልሶ ማስገቢያ ጉልበት አይካተትም። ወረቀቱን በደንብ ያንብቡ።

«ከጥገናው በኋላ ልጆቼ ሆዳቸውን አመማቸው።»

ሂሳቡ ይቆይ፤ መጀመሪያ ውሃውን መጠጣት ያቁሙ፣ ልጆቹም ይታከሙ። ጉድጓድ በተከፈተ ቁጥር በክሎሪን መታከም አለበት። ክሎሪኑ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ታጥቦ ይወጣል፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ይሄዳል። በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ጨርሶ መገኘት የለበትም። ባለሙያው ይህን ሳያደርግ ከሄደ ተመልሶ በራሱ ወጪ ያድርገው። የሕክምናውን ወጪ ማስከፈል ግን ከባድ ነው። ውሃው ከጥገናው በፊት ንጹሕ እንደነበር የሚያሳይ የቆየ ምርመራ ካለዎት በጣም ይረዳዎታል።

«ሌላ ሰው ጠርቼ አስተካከልኩ። ሂሳቡን ለመጀመሪያው ልላክለት?»

መላክ ይችላሉ፤ ግን እንዲያስተካክል ዕድል ካልሰጡት መከራከሪያዎ ይሳሳል። ነግረውት ሳይመጣ ቀርቶ ቤቱ ያለ ውሃ ከዋለ ግን ሌላ ነው። የላኩለትን መልእክት እንዳያጠፉት።