ሊኒየር አሠራር ስላልተከተለ የፈተና ሥራ፦ ከጅማ ለጻፉ ሥራ ፈላጊ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂ፣

ጅማ ሆነው የቡና ማስታወቂያ ምስሎችን በብሌንደር (የ3ዲ ምስል መሥሪያ ሶፍትዌር) እንደሚሠሩ፣ አዲስ አበባ ለሚገኝ ስቱዲዮ የላኩት የፈተና ሥራ «ሊኒየር ዎርክፍሎው አልተከተለም» (ማለትም ስሌቱ ሁሉ በብርሃን መጠን ተሠርቶ ለስክሪን የሚስማማው ለውጥ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚደረግበትን አሠራር አልያዘም) ተብሎ እንደተመለሰልዎና ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለሞኒተር ወይም ለኮርስ ለማዋል እያመነቱ መሆኑን ጽፈውልኛል። በእኔ አስተያየት ሁለቱንም ለጊዜው ያቆዩአቸው፤ ጉድለቱ የአሠራር ስለሆነ አሁን ባለዎት ኮምፒውተር ሊታረም ይችላል።

አያይዘው በላኩት ምስል ላይ በርጩማው ሥር ያለው ጥላ ከሰል መስሏል፤ ከመስኮቱ ትይዩ ደግሞ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ መብራቶች ተጨምረዋል። ምክንያቱ እዚያው ደብዳቤዎ ውስጥ አለ፦ ቪው ትራንስፎርሙን (የተሰላውን ምስል ለስክሪን የሚያዘጋጀውን ቅንብር) «ሮው» ላይ፣ ማለትም ያለ ምንም ለውጥ፣ አድርገውታል። ሬንደር (ኮምፒውተሩ ከ3ዲ ትዕይንቱ ምስል የሚያወጣበት ሂደት) የሚያሰላው የብርሃንን መጠን ነው። ሞኒተር ግን የሚደርሰውን ቁጥር እንዳለ ወደ ብርሃን አይለውጥም፤ በ1999 ደረጃ ሆኖ የወጣውን ኤስአርጂቢን (የስክሪን ቀለም መስፈርት) ተከትሎ በግምት በ2.2 ጋማ፣ ማለትም ቁጥሩን ወደ 2.2 ኃይል በማንሳት፣ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ይህን የሚያካክስ ለውጥ አስቀድሞ ካልተደረገ በትክክል የተሰላው ምስል ጨልሞ ይታያል፤ ሠሪውም ጨለማውን ለመግፈፍ መብራት ሲደረድር ብሩህ የነበረው ክፍል ይቃጠላል። 18 በመቶ ብርሃን የሚመልስ ግራጫ በባለ 8 ቢት ፋይል (ከ0 ጥቁር እስከ 255 ነጭ) 118 አካባቢ መቀመጥ ሲገባው በእርስዎ አሠራር 46 ላይ ወድቋል። ቅንብሩን ወደ «ስታንዳርድ» ወይም ወደ «ኤጂኤክስ» ይመልሱ፤ ተጨማሪዎቹን መብራቶች አጥፍተውም በመስኮቱ ብርሃን ብቻ እንደገና ይጀምሩ።

ጀበናዋም ሸክላ ሆና ሳለ እንደ ፕላስቲክ ታብለጨልጫለች። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የረፍነስ ማፑ (የገጽታውን ሻካራነት በቁጥር የሚይዘው ምስል) እንደ ቀለም ተቆጥሮ በኤስአርጂቢ ሲነበብ ነው፤ 0.5 የነበረው ወደ 0.21 ይወርድና ገጽታው ከሚገባው በላይ ይለሰልሳል። ረፍነስና ኖርማል ማፕ (የገጽታውን ጉብታና ጎድጓዳ የሚያሳየው ምስል) ሁልጊዜ «ነን ከለር» (ቀለም ያልሆነ መረጃ) ይሁኑ።

ያመለከቱት ለኮምፖዚቲንግ (የተለያዩ ምስሎችን አንድ ላይ የማዋሃድ) ሥራ እንደመሆኑ ዋናው ጉዳይ ግን ማዋሃዱ ላይ ነው። ሬንደሩን በባለ 8 ቢት ፒኤንጂ አውጥተው እንፋሎቱን በዚያው ላይ ደርበዋል። ጥቁርና ነጭ እኩል ሲቀላቀሉ በፋይሉ ቁጥሮች ላይ ከተሰላ ውጤቱ 128 አካባቢ ይሆናል፤ በብርሃን መጠን ተሰልቶ ወደ ኤስአርጂቢ ሲለወጥ ግን 188 ነው፤ እንፋሎትዎ የምድጃ ጭስ የመሰለው በዚህ ልዩነት ነው። የእንፋሎቱን ዳር የከበበው ጥቁር መስመር ከጋማ ሳይሆን አልፋው (ከኋላ ያለውን ምን ያህል እንደሚሸፍን የሚናገረው ቁጥር) ሁለት ጊዜ ከመባዛቱ የመጣ ይመስለኛልና እሱን ለብቻው ይመርምሩት። ሬንደሩን በኢኤክስአር (የብርሃኑን መጠን እንዳለ የሚይዝ የፋይል ዓይነት) ያውጡ፣ ከጀርባ ያስገቡትን የቡና ተክል ፎቶ ወደ ሊኒየር ይለውጡ፣ ማዋሃዱንም ብለሩንም (ማደብዘዙንም) እዚያው በሊኒየር ይሥሩ፤ ወደ ኤስአርጂቢ የሚደረገው ለውጥ በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። ተንቀሳቃሽ ሥራ ሲሠሩም በቪዲዮ ፈንታ ፍሬም በፍሬም (እያንዳንዱን ምስል ለብቻው) ማውጣት መብራት ሲጠፋም ከቆሙበት ለመቀጠል ያስችልዎታል። ስቱዲዮው ኑክ የተባለውን የማዋሃጃ ሶፍትዌር የሚጠቀም ከሆነ ለንግድ የማይውለው ነጻ ቅጂ ለልምምድ ይበቃዎታል።

ከዚያ በኋላ አዲስ ሥራ ከመጀመር ይልቅ ይህንኑ ምስል አርመው የቀድሞውንና የአሁኑን ጎን ለጎን በፖርትፎሊዮዎ ያስገቡ፤ ምን እንደተለወጠም ከሥሩ በአጭሩ ይጻፉ። ከጀማሪ ኮምፖዚተር የሚፈለገው ከውብ ምስል ይልቅ ሌላ ሰው የሠራውን ሬንደር ተረክቦ ሳያበላሽ ማስተላለፍ ነው፤ የተላከልዎም አስተያየት በር የሚዘጋ አይመስለኝም። ለስቱዲዮው አመስግነው የታረመውን ይላኩ። ለቃለ መጠይቅ ከተጠሩ «ፒክሰሉ 0.5 ሆኖ ሳለ ብርሃኑ ለምን ግማሽ አልሆነም?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ሊቀርብልዎ ስለሚችል መልሱን ወረቀት ሳያዩ ማስረዳት እስኪችሉ ይለማመዱ። ስለ ኮርሱ፣ ይህን አርመው የቀረብዎትን ክፍተት ለይተው ሲያውቁ ብንነጋገር ይሻላል።