ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል አቆሙ፤ ላርዳቸው ወይስ ልታገሥ?

ጥያቄ፦ በጓሮዬ ስምንት ዶሮዎች ነበሩኝ። በቀን አምስትም ስድስትም እንቁላል አገኝ ነበር። በቅርቡ ሁለት ቄቦች ገዝቼ ቀላቀልኩባቸው። አሁን በቀን አንድ ካገኘሁ ጥሩ ነው። ከነባሮቹ ሁለቱ ላባቸው ረግፎ ገላቸው ሊታይ ደርሷል። አንዷ ከመጣያዋ አልነሳም ብላ እጄን ትነቁረኛለች። የቀሩት እርስ በርስ ይነቋቆራሉ። አልፎ አልፎም ቅርፊት የሌለው እንቁላል መሬት ላይ አገኛለሁ። ሰዎች አርጅተዋልና እረዳቸው ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ቢላዋውን ለጊዜው ያስቀምጡት። ከጻፉልኝ ውስጥ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ይታዩኛል፤ አንዳቸውም ብቻቸውን የእርጅና ማረጋገጫ አይደሉም። እንቁላሉን በጠቅላላ ስለምንቆጥር ምክንያቱንም በጠቅላላ መፈለግ ይቀናናል። ዶሮ ግን እያንዳንዷ የራሷ ምክንያት አላት፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ላባቸው በረገፈው ሁለቱ ልጀምር። አንድ ዓመት ያለፋት ዶሮ በአብዛኛው በየዓመቱ አሮጌ ላባዋን ጥላ አዲስ ታበቅላለች። መርገፉ ብዙውን ጊዜ ከራስና ከአንገት ጀምሮ ወደ ጀርባ፣ ወደ ደረት፣ በመጨረሻም ወደ ክንፍና ጅራት ይሄዳል። ላባ ከ80 በመቶ በላይ ፕሮቲን ነው። እንቁላልም ብዙ ፕሮቲን ስለሚጠይቅ ሰውነቷ እንቁላሉን አቆይቶ ላባውን ያስቀድማል። ይህ ሁለት ወይም ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ እህል ብቻ መስጠት ነገሩን ያጓትተዋል፤ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ መኖ ያስፈልጋቸዋል። ገላቸውን ቀረብ ብለው ይመልከቱ፦ እንደ እሾህ ብቅ ብቅ ያሉ አዳዲስ ላባዎች ካሉ ነገሩ ተፈጥሮ ነው። አዲስ ላባ ሳይኖር ቆዳው ከቀላ፣ ወይም ጀርባና የጅራት ሥር ብቻ ከተመለጠ፣ ሌሎቹ እየነጩአት ነው ወይም ቅንቅን ይዟታል።

ቅንቅኑን በቀን ላያገኙት ይችላሉ። ደም የሚመጠው ቀዩ ዓይነት ቀን ቀን በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቅና ሌሊት ይወጣል። ማታ ባትሪ ይዘው ይግቡ፤ የቆጡን ሥር በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። ጨርቁ ላይ የደም ጭረት ከታየ ቤቱንም ቆጡንም ማጽዳትና ማከም ግድ ነው። ዶሮዎቹን ብቻ ማከም አይበቃም፤ ተባዩ የሚኖረው ቤቱ ውስጥ ነውና።

ከመጣያዋ አልነሳም ያለችው መታቀፍ ፈልጋለች። ላባዋን ትነፋለች፣ ወፍራም ድምፅ ታሰማለች፣ ለመብላትና ለመጠጣት በቀን አንድ ሁለቴ ብቻ ትወጣለች። ጫጩት ከፈለጉ ከአውራ ዶሮ ጋር ከዋሉ ዶሮዎች የተገኘ ትኩስ እንቁላል ያስታቅፏት፤ በ21 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ካልፈለጉ ከመሬት ከፍ ብሎ በተቀመጠና ወለሉ ሽቦ በሆነ ሳጥን ውስጥ፣ ጉዝጓዝ ሳያደርጉላት፣ መኖና ውሃ ሳያጓድሉባት ሦስት ወይም አራት ቀን ያቆዩአት። አየር ከሥሯ ሲነፍስባት የመታቀፍ ስሜቷ ይበርዳል። ውሃ ውስጥ የሚነክሩ፣ የሚያስርቡም አሉ፤ እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ እንስሳዋን ከማጎሳቆል ሌላ ወደ መጣል የምትመለስበትን ጊዜ ያርቀዋል።

አሁን ወደ ቄቦቹ ልምጣ፤ ለእኔ የጥያቄዎ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ዶሮዎች ማን ቀድሞ እንደሚበላና ማን ከፍ ያለውን ቆጥ እንደሚይዝ የተወሰነ ተራ አላቸው። አዲስ ሲመጣ ያ ተራ ይፈርስና እንደገና በመነቋቆር ይደለደላል። ሲረጋጉ መጣሉም ይመለሳል፤ እስከዚያው ግን ደካሞቹ ከመኖውና ከውሃው ይባረራሉ። ውሃው ይበልጥ ያሳስበኛል። ከእንቁላል ይዘት ሦስት አራተኛ ያህሉ ውሃ ነው፤ ለአንድ ቀን እንኳ በደንብ ያልጠጣች ዶሮ ልታቆም ትችላለች። ስለዚህ ሁለተኛ መመገቢያና ሁለተኛ መጠጫ አራርቀው ያስቀምጡ። የደማች ካለች ቁስሏ እስኪድን ይለዩአት፤ ዶሮ ደም ካየች መንቆሯን አታቆምም። በየቁጥቋጦውና በየጥጉም ይፈልጉ፤ የተባረረች ዶሮ ተደብቃ ትጥላለችና ጠፋ ያሉት እንቁላል እዚያ ተከማችቶ ሊሆን ይችላል። ወደፊት አዲስ ዶሮ ሲያመጡ ከመቀላቀልዎ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ለብቻ ያቆዩአት፤ በሽታ ይዛ እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ጊዜ ነው።

ስለ ለስላሳው እንቁላል። አንድ እንቁላል ተሠርቶ እስኪወጣ 25 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት የሚሆነው ቅርፊቱ የሚሠራበት ነው። ለአንድ ቅርፊት ሁለት ግራም ገደማ ካልሲየም ያስፈልጋል፤ ከመኖው በቂ ካላገኘች ከአጥንቷ ትወስዳለች። ንጹሕ የእንቁላል ቅርፊት አድርቀውና አድቅቀው፣ ወይም ደቃቅ የኖራ ድንጋይ፣ በተለየ ዕቃ ያቅርቡላቸው። ከመኖ ጋር አይቀላቅሉት፤ ገና ያልጣሉት ቄቦች ከመጠን ያለፈ ካልሲየም ኩላሊታቸውን ይጎዳል። ሌሊት የሚያስደነግጣቸው ነገር፣ ከባድ ሙቀትም ቅርፊትን ያበላሻል።

ያልጠቀሱት ቢሆንም በሽታን ልዝለለው አልችልም። ከእንቁላሉ መቀነስ ጋር ማነጠስ፣ ማቃተት፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጠምዘዝ ወይም ድንገተኛ ሞት ካዩ ፈንግል ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ከጓሮዎ ዶሮም እንቁላልም አይውጣ። ፈንግል አንዴ ከያዘ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው።

ወደ እርድ ጉዳይ ስመለስ፣ ዕድሜ በእርግጥ እንቁላል ይቀንሳል፤ ብዙ የምትጥለው መጣል ከጀመረች በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ነው። ይሁንና በግምት አይፍረዱባት፤ ይያዟትና ይዳስሷት። በእንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አሉ። በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገቡ፣ መውጫዋ ሰፊና እርጥብ፣ በአናቷ ያለው ሥጋም ደማቅ ቀይ ከሆነ እየጣለች ነው። አጥንቶቹ ከተጠጋጉ፣ መውጫዋ ከደረቀና ከጠበበ፣ አናቷም ከገረጣ አቁማለች። ላባ የምትቀይረውና መታቀፍ የፈለገችውም እንዲሁ ስለሚሆኑ እነሱን አሁን አይመዝኑ። አዲሱ ላባ ሞልቶ፣ መኖው ተስተካክሎ ወር ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ደግመው ይዳስሷት፤ ያኔም አጥንቶቹ እንደተጠጋጉ ከሆኑ ሊያርዷት ይችላሉ።