ለሰው ዓይን ሲገዛ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰርጌ ለጥር ነው። ሽማግሌዎቹ ሲነጋገሩ የሙሽራዋ ወገን «ወርቁ 21 ይሁን» አሉ። ታላቅ እህቷ ከጂዳ ይዛ የመጣችው 21 ካራት ስለሆነ ከዚያ ዝቅ ማለት አይፈልጉም። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ግን በ21 ካራት ለሐብል፣ ለጆሮ ጌጥ፣ ለቀለበትና ለአምባር አይዳረስም። 18 ካራት ባደርገው ያሳፍረኛል? (ሙሽራ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ካራት የወርቁን ንጥረት እንጂ ትልቅነቱን አይናገርም። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው። 21 ካራት ከመቶው 87.5 እጁ፣ 18 ካራት ደግሞ 75 እጁ ወርቅ ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው ብርና መዳብ ነው። እንግዲህ 21 ግራም ንጹሕ ወርቅ የሚገዛ ገንዘብ ቢኖርዎት በ21 ካራት 24 ግራም፣ በ18 ካራት 28 ግራም ጌጥ ይወጣዋል። 4 ግራሟ ደግሞ የጆሮ ጌጥ ትሆናለች። አዳራሽ ውስጥ ሰው የሚያየው ብዛቱንና ስፋቱን ነው፤ ካራቱን የሚያውቀው ማህተሙን ቀርቦ ያነበበ ብቻ ነው።

«18 በቀለሙ ያስታውቃል» የሚሉ ይኖራሉ። እውነትነት አለው፤ መዳብ ከበዛበት ይቀላል፣ ብር ከበዛበት ይገረጣል። ሲያዝዙ «ቢጫ ይሁን» ብለው ናሙና አይተው ይምረጡ።

እኛ የምንመክረው ከፋፍሎ መግዛትን ነው። ሽማግሌ የሚያየውና ቤተሰብ የሚያስቀምጠው ሐብሉ ስለሆነ እሱ 21 ይሁን። ቀለበትና አምባር በየቀኑ ከዕቃ ጋር ስለሚጋጩ 18 ይሻላቸዋል፤ ጠንከር ስለሚል ቶሎ አይጎብጥም፣ አይሳሳም። ይህን ግን ደብቀው አያድርጉት። በሽማግሌዎቹ በኩል አስቀድመው ይናገሩ፤ ሙሽራዋ አንድ ቀን ወርቅ ቤት ወስዳ ስታስመዝነው መታወቁ አይቀርም፣ ያኔ ነው የሚያሳፍረው።

ገንዘብ የሚፈሰው በካራቱ ብቻ አይደለም። የእጅ ዋጋ መልሰው ሲሸጡ አይመለስም፤ ጌጡ በረቀቀ ቁጥር ኪሳራውም ያድጋል። ፈርጥ ያለበት ጌጥ ከነፈርጡ ከተመዘነ ድንጋይ በወርቅ ዋጋ ገዙ ማለት ነው፤ ስለዚህ ፈርጡ ከመግባቱ በፊት ይመዘንልዎ። ወፍራም መስሎ ውስጡ ባዶ የሆነ አምባር ለፎቶ ያምራል፣ አንዴ ከተጨረመተ ግን ማቃናቱ ከባድ ነው። ደረሰኙ ላይ ግራሙ፣ ካራቱና የእጅ ዋጋው ለየብቻ ይጻፍ። 21 ላይ 875፣ 18 ላይ 750 የሚል ማህተም ይፈልጉ፤ ማህተም ማንም ሊመታ ስለሚችል ደግሞ ሌላ ወርቅ ቤት ወስደው በጥቁሩ ድንጋይና በአሲድ ያስፈትሹ። ማግኔት የሚይዘው እንደ ብረትና ኒኬል ያሉትን ብቻ ነው፤ ወርቅ የተቀባ ብርንና መዳብን ያሳልፋል።

ጥያቄ፦ ለእህቴ ልጅ ሰርግ ዘጠኝ ዘመዳሞች አንድ ዓይነት የሀበሻ ቀሚስ ልንለብስ ነው። ባለፈው ሰርግ የደረሰን የእጅ ሥራ ተብሎ የማሽን ጨርቅ ነበር። ልጆቻችን እዚህ ተወልደው ስላደጉ ቢያንስ ልብሱ እውነተኛ የአገር ልብስ ይሁን እላለሁ። እንዴት እንዘዝ? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ ሽሮ ሜዳ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ተሰቅለው ይሸጣሉ፤ በፎቶ መለየት አይሞከርም። እዚያ ሄዳ የምትገዛልዎ ዘመድ ጥለቱን ገልብጣ በቪዲዮ ታሳይዎ። የታተመ ጥለት ከጀርባው ይደበዝዛል፤ የተሸመነው ግን ክሩ ሲመላለስ ይታያል። ይህ በማሽን የተሸመነውን አይለይም። ለሱ የጨርቁን ስፋት ትመልከት፦ የሸማኔ ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ ሰፊ ቀሚስ ላይ መጋጠሚያ ስፌት ይኖረዋል። ፈትል (በእጅ የተፈተለ) ከሆነ ክሩ እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ይላል። ሳባ የሚባለው ግን የፋብሪካ ክር ስለሆነ በእጅም ተሸምኖ እኩል ይወጣል፤ ስለዚህ «እኩል ነው» ብላችሁ ሸማኔውን አትክሰሱ። በመጨረሻ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛ በክብሪት ትለኩሰው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ልም ይላል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። የጥለቱ ክር ግን «ሐር ነው» ቢባልም ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነውና ድሩንና ማጉን ትፈትሽ።

ዘጠኝ ሰው አንድ ሲለብስ ትልቁ ችግር ቀለም ነው። ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ከወር በኋላ ከታዘዘ ክሩ በሌላ ጊዜ የተነከረ ይሆንና አረንጓዴው ከአረንጓዴ አይገጥምም፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ያ ነው ቀድሞ የሚታየው። ለዘጠኙም የሚበቃ የጥለት ክር በአንድ ጊዜ ይገዛ፣ ለአንድ ተጨማሪ ነጠላ የሚሆንም ይትረፍ። ርዝመት ሲለኩ የሰርጉን ቀን ጫማ አድርጋችሁ ከትከሻ እስከ ወለል ለኩ። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር እጥፋት ከታች ይተው። ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽታችሁ ቀለም ከለቀቀ በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው እጠቡ፣ አትጭመቁት፣ ጥላ ላይ አስጡት።

ጥያቄ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። «አይፎን ካልሆነ ከጓደኞቼ በታች እሆናለሁ» አለኝ። ያገለገለ ልገዛለት አስቤያለሁ። (አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ በዚያ ዕድሜ ስልክ የማኅበር መታወቂያ ያህል ነው፤ ተከራክረው አይረቱትም። ሻጩ ፊትዎ ስልኩ ላይ ካለው ከራሱ የአፕል አካውንት ይውጣ፣ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሰርዝና እንደ አዲስ ያስጀምረው። የቀድሞ ባለቤት የይለፍ ቃል ከጠየቀ አይግዙ። *#06# ሲደውሉ የሚወጣው ቁጥር ሴቲንግ ውስጥና ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል። ባትሪ ሄልዝ (ሴቲንግ ውስጥ የሚታየው የባትሪው አቅም) ከ80 ከመቶ በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያ ከዋጋው ያስቀንሱ።

ከሁሉ በላይ የስልኩን አካል ብቻ አይተው አይክፈሉ። የድሮውን አይፎን ኤክስ አር ባለ ሦስት ካሜራ የሚመስል የ13 ፕሮ ቀፎ አልብሰው የሚሸጡ አሉ። ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ የሞዴሉ ትክክለኛ ስም ይወጣል፤ ሦስተኛውም ካሜራ ለይስሙላ ስለሆነ ካሜራውን ከፍተው የማጉያ አማራጮቹን ቢሞክሩ ይጋለጣል።