የድሮ ፊዬስታ ናሙናና የሙከራ ሰሃን፦ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ

ጋሼ ቀዩ፦ እሺ፣ ዛሬ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ ጠይቁ። የማወራው ሆመር ላፍሊን የሚባለው የሸክላ ፋብሪካ በ1936 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ኒውዌል ስላወጣው ፊዬስታ ስለሚባለው ባለቀለም የገበታ ዕቃ ነው፣ በ1986 እንደገና ስለተጀመረው አይደለም። የጀርባ ፎቶ የሌለው ጥያቄ አልመልስም፣ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።

ሙሌ ኮለምበስ፦ ጋሼ እንደምን አሉ፣ ከኢስቴት ሴል (የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ) አንድ ሰሃን ገዛሁ፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ የሚሄድ ነገር ነው ከምንም ጋር አልገጥም አለኝ። ሙከራ ይሆን እንዴ?

ጋሼ ቀዩ፦ ጀርባውስ?

ሙሌ ኮለምበስ፦ ይቅርታ፣ ይኸው ለጠፍኩት። በእጅ የተጻፈ ቁጥር አለበት።

ጋሼ ቀዩ፦ አሁን ተግባባን። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ግሌዝ (ሰሃኑ የሚለብሰው ባለቀለም የሚያብረቀርቅ ሽፋን) ሲቀመም ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ተራ ሰሃን አንስተው ያንን ግሌዝ ያለብሱትና ጀርባው ላይ ቁጥሩን ጽፈው እቶን ያስገቡታል፣ ሲወጣ ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩታል፣ ካልጣማቸው ቅመሙን ለውጠው ሌላ ቁጥር ይሰጡታል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ዲዛይነሩ ፍሬድሪክ ኸርተን ሬድ በ1927 ነው ፋብሪካው የገባው፣ ከፋብሪካው የግሌዝ ባለሙያ ከነብሌይኒንገር ጋር ሆኖ የመጀመሪያዎቹን 5 ቀለሞች (ቀይ፣ ኮባልት ሰማያዊ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ አይቮሪ) እስኪመርጡ ድረስ ስንቱ ቅመም እንደተጣለ አስበው። የተጣለው ነው እንግዲህ ዛሬ እኛን የሚያባላን። አሁን የአንተን እንይ። ቁጥሩ ከግሌዙ ሥር ነው ወይስ ከላይ? ጥፍርህን አሳልፍበት፣ ካልተሰማህ ከሥር ሳይሆን አይቀርም፣ ጥሩ ምልክት ነው። ከላይ በማርከር ከሆነ ግን ሻጭ ወይም ሌላ ሰብሳቢ ለራሱ የጻፈው ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ምስክር አይሆንም። ቀጥሎ የታችኛውን ክብ እግር እይ፣ የድሮው ሰሃን እግሩም ግሌዝ አለው፣ እቶን ውስጥ የተቀመጠበት 3 ትናንሽ የፒን ጠባሳም ይታያል። እግሩ ተጠርጎ ደረቅ ከሆነ ከ1986 ወዲህ የተሠራው ነው። እና እባክህ ቁጥሩን በስፖንጅ እንዳትፈትገው!!

ቤቲ፦ ሰላም፣ የድሮ ሰሃን አለኝ ስንት ያወጣል?

ጋሼ ቀዩ፦ የቱ ሰሃን? ምን ቀለም? ጀርባው የታለ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ጋሼ፣ ለበዓል ዶሮ ወጥ ባቀርብበት ችግር አለው?

ጋሼ ቀዩ፦ አለው። አታቅርቢበት።

አሌክስ፦ ሰው እንዴት ብር ከፍሎ የማይበላበት ሰሃን ይገዛል? እኔ ይሄ ነገር አይገባኝም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እናትህ ቡፌ ውስጥ የቆለፈችበት ሰሃን ላይ ስንቴ በልተሃል?

አሌክስ፦ እሱ ለእንግዳ ነው 😂

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እንግዳ መጥቶስ መቼ ወጣ? ባይሆን የጋሼ ሰሃን ቁጥር አለው።

ዳኒ ዲሲ፦ ቆይ ግን የሚያሰጋው የቀዩ ሰሃን ጨረር ነው አይደል? የዶሮ ወጡ ምን አገባው?

ጋሼ ቀዩ፦ ቡፌውን ተዉትና ስሙኝ። የድሮው ግሌዝ ሊድ (መርዛማው እርሳስ) አለበት፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ እርጎ፣ የሚጎመዝዝ ነገር ሁሉ ሊዱን ያወጣዋል፣ ቀዩ ደግሞ ዩራኒየም ይጨመርበታል። የሙከራ ሰሃን ሲሆን ይብሳል፣ ለገበያ ያልወጣ ቅመም ስለሆነ ግሌዙ ውስጥ ምን እንደገባ የሚነግርህ የለም። በደረጃ ትደረድረዋለህ እንጂ አትበላበትም።

ዳኒ ዲሲ፦ እሺ፣ የኔ ቀይ ወደ ብርቱካን የሳሳ ነው፣ ጋይገር ካውንተር (የጨረር መለኪያ) ሳስጠጋው ጮኸ። ሙከራ ነው ማለት ነው?

ጋሼ ቀዩ፦ ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። የጮኸው ዩራኒየም ስላለበት ነው፣ የድሮ ቀይ ሁሉ ይጮሃል። ቀዩ ከሌሎቹ ቀለሞች በዋጋ ይወደድ ነበር፣ በ1943 መንግሥት ዩራኒየሙን ለአቶሚክ ቦምብ ሥራ ስለፈለገው ቀዩ ከገበያ ወጣ፣ በ1959 ሲመለስ በዲፕሊትድ ዩራኒየም (ለቦምብ የሚፈለገው ክፍል አብዛኛው በወጣለት) እየተሠራ እስከ 1972 ዘለቀ። እቶን ውስጥ አመለኛ ቀለም ነው፣ ግሌዙ ትንሽ ከሳሳ ወይ እሳቱ ከተዛነፈ ወደ ብርቱካን ይሄዳል፣ ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን የተገዙ ሁለት ቀይ ሰሃኖች እንኳ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ የፈዘዘ ቀይ የፈዘዘ ቀይ ነው፣ ሙከራ አይደለም። ጀርባውን ሳትልክ ነው የመለስኩልህ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ።

ጽጌ፦ እኔም ወጣ ያለ ቀለም አለኝ፣ ሳምፕል ይሆን?

ጋሼ ቀዩ፦ እህቴ ከላይ አንብቢ።

ጽጌ፦ አነበብኩ፣ ግን የኔ አረንጓዴ ነው።

ጋሼ ቀዩ፦ ከ1936 እስከ 1969 በመደበኛነት የተሸጡት ቀለሞች 11 ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ 4ቱ አረንጓዴ ዘር ናቸው፦ ፈዛዛው፣ ጥቁር አረንጓዴው ፎረስት፣ ወደ ቢጫ የሚሄደው ቻርትሩዝ፣ እና በ1959 የመጣው ሚዲየም ግሪን። መጀመሪያ ከነሱ ጋር አስተያዪው፣ በቀን ብርሃን፣ በአምፖል ሳይሆን። ሚዲየም ግሪን ከሆነልሽ ሙከራ ባይሆንም ደስ ይበልሽ፣ ሰው የሚሻማበት ቀለም ነው። ጀርባውን ላኪ።

አሌክስ፦ የኔ ስኒ ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈም፣ ፌክ ነው ወይስ ሳምፕል?

ጋሼ ቀዩ፦ ሁለቱም አይደለም። የድሮዎቹ ስኒዎች አብዛኞቹ ማኅተም የላቸውም።

ሙሌ ኮለምበስ፦ ጋሼ፣ ቁጥሩ ከግሌዙ ሥር ነው! ጥፍሬ ላይ ምንም አልተሰማኝም፣ 3ቱ ጠባሳም አለ። አሁን ምን ላድርግ?

ጋሼ ቀዩ፦ ጎሽ። መጀመሪያ የሸጡህን ቤተሰቦች ደውለህ ጠይቃቸው፣ ከመካከላቸው ፋብሪካው ውስጥ የሠራ ሰው ነበር ወይ በላቸው። እንዲህ ያለው ሰሃን አብዛኛው በሠራተኛ እጅ ነው የወጣው፣ የምሳ ቦርሳ ውስጥ ተደብቆም ቢሆን። አያታችን እዚያ ይሠሩ ነበር ካሉህ አጽፋቸው፣ ስምና የሥራ ክፍላቸውን ጨምሮ፣ ወረቀቱን ከሰሃኑ ጋር አኑር። ከዚያ ከኮለምበስ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው፣ እዚያው ኦሃዮ ኢስት ሊቨርፑል ያለው የሴራሚክስ ሙዚየም ድረስ ንዳ፣ ኒውዌል ከወንዙ ማዶ ነው። እስከዚያ እንዳትሸጠው፣ በውስጥ መስመር "ልግዛህ" የሚልህ ሰው ይመጣል፣ ምናልባትም እዚሁ መካከላችን አለ።

ዳኒ ዲሲ፦ ሙሌ፣ ኢንቦክስህን እየው እስቲ 😁