ውሃ በሚጠፋበት ዋርድ የእጅ ንጽሕና (መልስ)

እህቴ፣ «ደሴ ነው የምሠራው፤ ፖስተር ለጠፍን፣ ስልጠና ሰጠን፣ ሠራተኛው ግን እጁን አያጸዳም፤ ውሃም ይጠፋል» ላልሽው፦ ችግሩ የእውቀት አይመስለኝም፣ የርቀት ነው። ብዙ በሽተኛ የያዘች ነርስ ለአንድ እጅ መታጠብ ኮሪደር አታቋርጥም። ሳኒታይዘሩ በር ላይ ሳይሆን በየአልጋው ራስጌ፣ እጅ በሚደርስበት ይቀመጥ።

ፋርማሲያችሁ ራሱ ሊያዘጋጀው ይችላል። ለ10 ሊትር 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417፣ 98 በመቶ ግሊሰሪን 145፣ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ጠርሙስ ከገባ በኋላ 72 ሰዓት ሳይነካ ይቆይ፤ ፐርኦክሳይዱ ውስጡ የቀረውን ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ የተኛ ባክቴሪያ) የሚያጠፋው ያኔ ነው። ከእሳት ይራቅ። ግሊሰሪኑን ለቁጠባ ብላችሁ እንዳትቀንሱ፤ እጁ የተሰነጠቀ ሰው ሁለተኛ አይነካውም።

ሳኒታይዘሩ መዳፍ ሙሉ ተወስዶ ከ20–30 ሰከንድ፣ እስኪደርቅ ይታሽ። የሚረሱት አውራ ጣትና የጣት ጫፎች ናቸው።

ደም ወይም ሰገራ የነካው እጅ ግን በሳሙናና ውሃ ከ40–60 ሰከንድ ይታጠብ። ለዚያ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል አስቀምጡ፤ በየፈረቃው ማን እንደሚሞላውም ስሙ ይጻፍ፣ አለዚያ ባዶውን ይውላል። በአንድ ጓንት ከአልጋ አልጋ መዞርን በፍጹም አትለፉት፤ ጓንት ሲወልቅም እጅ ይጸዳል።

ራውንድ (ሐኪሞች በሽተኞችን እየዞሩ የሚያዩበት ጊዜ) ላይ ደግሞ ሲኒየር ሐኪሙ በየአልጋው ቀድሞ እጁን ይሽ፣ ተለማማጆቹ እሱን ነው የሚያዩት።