ከክትባት የተመለሰች የድመት ግልገል ለምን ትደበታለች?

የአንባቢያን ጥያቄና የእንስሳት ሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ ሁለት የድመት ግልገሎች እናሳድጋለን፤ አንዷ ግራጫ ሴት፣ ሌላው ቢጫ ወንድ ነው። 9 ሳምንት ሲሞላቸው ወደ ክሊኒክ ወስደን የመጀመሪያ ክትባታቸውን አስከተብናቸው። ቤት እንደገባን ሴቷ አልጋ ሥር ገብታ ተኛች፤ ማታም ምግብ ሲቀርብላት አሽትታ ተመለሰች፤ ገላዋን ስንዳስሰው ያተኩሳል። ወንዱ ግን የቀረበለትን በልቶ እንደ ልማዱ ሲሯሯጥ አመሸ፤ ይሁን እንጂ ልጄ ማጅራቱን ስትነካው ነከሳት። ይህን ያዩ አንዲት ጎረቤታችን “መድኃኒቱ በዝቶባቸው ነው፤ ወንዱማ ሊያብድ ነው” ብለው አስፈሩን፤ ለሴቷም የፓራሲታሞል ሩብ በወተት በጥብጠን እንድንሰጣት መከሩን። ምን ብናደርግ ይሻላል?
አንዲት እናት፣ ከጅማ፣ ቦሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ፓራሲታሞሉን አይስጧት። ሩብም ቢሆን፣ የሕፃናት ሽሮፕም ቢሆን አይሆንም። የሰው ጉበት ይህን መድኃኒት አጣርቶ የሚያስወግድበት ኢንዛይም በድመት ጉበት ውስጥ እጅግ ጥቂት በመሆኑ መድኃኒቱ ወደ መርዝነት ይለወጥና ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፣ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ለአንዲት ትልቅ ድመት እንኳ አንድ ፍሬ ለሞት ሊያበቃት ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ከዚህ የሚሻሉ አይደሉም። በእኔ እምነት ከተከተቡ ግልገሎች መካከል ክትባቱ ራሱ ከሚጎዳቸው ይልቅ በቅንነት የሚሰጣቸው የቤት መድኃኒት የሚጎዳቸው ይበዛሉ።

ሴቷ ያሳየችው ሁኔታ ግን የሚጠበቅ ነው። ክትባት የሚባለው የተዳከመ ወይም የሞተ ተህዋስ ሲሆን፣ ሰውነቷ ይህን እንደ ጠላት ቆጥሮ ራሱን ለመከላከል በሚነሣበት ጊዜ መጠነኛ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ መጫጫንና ከሰው መሸሽ ይከተላል። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በተወጋች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምርና በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይለቃታል። ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ግልገሎች በአንድ ቀን ተከትበው አንዷ ስትደበት ሌላው ምንም አለመሆኑም የተለመደ ነው፤ መሯሯጡ ክትባቱ እንዳልያዘው አያሳይም፣ መተኛቷም መድኃኒቱ እንደበዛባት አያመለክትም። ስለ ትኩሳቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሆነ በሰው እጅ ሲዳሰስ ሁልጊዜም ያተኮሰ ይመስላል። በእጅ በመዳሰስ ብቻ ትኩሳት አለባት ማለት ስለማይቻል፣ ከሙቀቷ ይልቅ አኳኋኗን ማየት ይበጃል።

አኳኋኗን ሲመለከቱ ደግሞ የእንቅልፏን ርዝመት አይቁጠሩ፤ የድመት ግልገል በደህናውም ጊዜ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ተኝታ ነው የምታሳልፈው። ይልቅስ ከእንቅልፏ ስትነቃ ምን ታደርጋለች የሚለውን ያስተውሉ። ጥቂት የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ለብ አድርገው አፍንጫዋ አጠገብ ሲያቀርቡላት ቀና ብላ ካሸተተች፣ ተነሥታ ከተንጠራራች፣ አንድ ሁለት ጊዜም ቢሆን ከላሰች፣ ከዚያ ተመልሳ ብትተኛ አያሳስብም። ቀና ማለት ካቃታት፣ ወይም ሲያነሷት አንገቷን መሸከም ተስኗት ከእጅዎ ላይ ዝልፍልፍ ካለች ግን ወደ ሐኪም መወሰድ አለባት። ሥጋው ጨውም፣ በርበሬም፣ በተለይም ሽንኩርት ያልነካው ይሁን፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ስለሚያፈርስ ከወጥ የተረፈ ሥጋ ማቅረብ አይገባም። የላም ወተትም ቢቀር ይሻላል። ጡት የጣሉ ግልገሎች ብዙዎቹ ወተት አይስማማቸውም፤ ጠጥተው ሲያስቀምጣቸው ደግሞ ጥፋቱ በክትባቱ ይሳበባል።

ማረፊያዋን ደረቅና ሞቃት ያድርጉላት። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት ከተማ የሲሚንቶ ወለል ለደከመች ግልገል ይበርዳል፤ ለብ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቧ ማኖር ይበቃል። የከሰል ምድጃ ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ማሞቅ ግን ለእሷም ለቤተሰቡም አደገኛ ነው። እስክትበረታ ድረስ አይጠቧት፤ ልጆችም ከአልጋ ሥር ጎትተው አያውጧት።

ወንዱ የነከሰው ሊያብድ ፈልጎ ሳይሆን የተወጋበት ቦታ ስላመመው ነው። የሕመሙ ስሜት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ቀን የሚቆይ ሲሆን፣ እስከዚያው ልጅዎ ማጅራቱን ይዛ እንዳታነሣው፣ ይልቁንም በሁለት እጇ ከደረቱና ከመቀመጫው ደግፋ እንድትይዘው ያስተምሯት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን በተመለከተ፣ በድመት ላይ በተለምዶ የሚሰጠው ክትባት ውስጥ ያለው ቫይረስ የሞተ ስለሆነ በሽታውን ሊያመጣ አይችልም፤ ደግሞም የሚሰጠው ከ12 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ ስለሆነ በ9 ሳምንታቸው የተወጉት ሌላ ክትባት ሳይሆን አይቀርም። የትኛው እንደሆነ በክትባት ካርዱ ላይ የተለጠፈው ምልክት ይነግርዎታል። ሆኖም የልጅዎን ንክሻ ችላ አይበሉት፤ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ለጤና ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል። ግልገሎቹ ከመንገድ የተገኙ ወይም ከዚህ ቀደም በሌላ እንስሳ የተነከሱ ከሆኑ ይህንን ለባለሙያው መንገር አይርሱ፤ የልጅዎን ሕክምና የሚወስነው ይኸው ነው።

ከላይ ካልኩት ውጭ የሆነ፣ ለነገ የማይባል ምልክት አለ። በተወጋች በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፊቷ ካበጠ፣ ደጋግማ ካስመለሳት፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ድዷ ከነጣ ወይም ከወደቀች፣ ይህ ከባድ አለርጂ ስለሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዷት። እምብዛም አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን ጊዜ አይሰጥም። በዚህም ምክንያት ክትባት በጠዋት ቢሆን፣ ከተወጉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ከክሊኒኩ ሳይርቁ መቆየት ቢቻል እመርጣለሁ፤ ማምሻውን አስከትቦ በባጃጅ ወደ ቤት መሮጥ፣ ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር የት እንደሚኬድ ግራ ያጋባል። ከዚህ በተረፈ 12 ሰዓት ሙሉ ምንም ያልቀመሰች ግልገል፣ ወይም ከ2 ቀን በኋላም ያልተሻላት ግልገል መታየት አለባት። ከ2 ቀን ያለፈ መደበት አብዛኛውን ጊዜ ከክትባቱ ሳይሆን ቀድሞ ከነበረ በሽታ፣ ከሆድ ትላትል ወይም ቁንጫ ደሟን ከመምጠጡ የተነሣ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ለመጽሔት ደብዳቤ ጽፎ መልስ መጠበቅ እንደማያዋጣ መቼም ለእርስዎ አይነገርም፤ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው የሚጠይቀው ባለሙያ አያጣም።

ጥያቄ፦ ድመቴ ከተከተበች 3 ሳምንት ሆኗታል። የተወጋችበት ቦታ ላይ የቡና ፍሬ የሚያህል ጠጠር ያለ እብጠት አለ። ስነካው አያማትም፤ ትበላለች፣ ትጫወታለች። ክትባት ለድመት ካንሰር ያመጣል ሲሉ ስለሰማሁ ሰግቻለሁ። በተጨማሪም ከተከተበች በሳምንቱ ለአንድ ቀን አነከሰች፤ ይህስ ይያያዛል?
ጊንጆ ሰፈር ነዋሪ

መልስ፦ የሰሙት ነገር መሠረት የሌለው አይደለም፤ በአንዳንድ ድመቶች ላይ መርፌ በተወጋበት ቦታ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ አደገኛ ዕጢ ሊያድግ ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ እጅግ ጥቂት በሆኑ ድመቶች ላይ ብቻ የሚታይ ሲሆን፣ እርስዎ የገለጹት ዓይነት ትንሽ፣ የማያምና የማያድግ እብጠት ግን በብዙዎች ላይ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ሐኪሞች የሚከተሉት መለኪያ ይህ ነው፤ እብጠቱ ከተወጋች 3 ወር አልፎት ካልጠፋ፣ ወይም ከ2 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም 1 ወር ካለፈ በኋላም እያደገ ከሄደ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። እርስዎ በሳምንት አንድ ቀን በማስመሪያ ለክተው ከቀኑ ጋር ካርዷ ላይ ይጻፉት። እንደ ወጌሻ አይሹት፣ ቅቤም አልኮልም አይቀቡት፤ ከለሰለሰ፣ ካተኮሰ ወይም ፈሳሽ ከወጣው መግል ሊሆን ስለሚችል ቀን ሳይጠብቁ ያሳዩት።

ማነከሷ ሊያያዝ ይችላል። ካሊሲ የሚባለውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በአንዳንድ ግልገሎች ላይ የመገጣጠሚያ ሕመምና ቀላል ትኩሳት ያመጣል፤ በራሱ ጊዜ ይለቃል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሟ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ እህልና ቡና የማስቀምጥበት መጋዘን አይጥ አስቸግሮኝ የድመት ግልገል ገዛሁ። ዕድሜዋ 10 ሳምንት ነው፤ አንድ ጊዜ ተከትባ ሳምንት ሆኗታል፤ ደህና ናት። ከእሷ በፊት የነበረችው ግልገል እዚያው መጋዘን ውስጥ አስመልሷትና ደም ቀላቅሎ አስቀምጧት ከ2 ወር በፊት ሞታለች። አሁን ይህችን መልቀቅ እችላለሁ? ለሁለተኛ ክትባት ተመለስ መባሌስ ግድ ነው?
ከሄርማታ

መልስ፦ መልቀቅ የለብዎትም፤ መመለስዎም ግድ ነው። ግልገል በተወለደች በመጀመሪያው ቀን ከእናቷ እንገር ጋር የእናቷን የመከላከያ ኃይል ትጠባለች። ይህ ኃይል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሽታን ይከላከልላታል፤ ነገር ግን የክትባቱንም ተህዋስ እንደ እውነተኛ ጠላት ይዞ ያጠፋውና ግልገሏ የራሷን መከላከያ ሳትገነባ ትቀራለች። የእናቷ ኃይል መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከግልገል ግልገል ይለያያል፤ አንዷ በ8 ሳምንቷ፣ ሌላዋ ከ14 ሳምንት በኋላ ልትጨርስ ትችላለች። ስለዚህ ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደጋገምና የመጨረሻው 16 ሳምንት ሲሞላት ወይም ከዚያ በኋላ ይሰጣል። “ደህና ናት” ማለትዎ ከመርፌው በኋላ አልታመመችም ማለት ብቻ ነው፤ መከላከያዋ መያዙን አያሳይም።

የፊተኛዋን ምን እንደገደላት ሳትመረመር መናገር አይቻልም፤ የአይጥ መርዝም ማስመለስና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ነገር ግን ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የድመት በሽታ በትክክል እንዲህ አድርጎ ይገድላል፤ ነጭ የደም ሴሎችንና የአንጀትን ግድግዳ ስለሚያጠቃ ያልተከተቡ ግልገሎች ከያዛቸው ብዙዎቹ አይተርፉም። ቫይረሱ ከሞተችው ድመት ዓይነ ምድር ወጥቶ ወለልና ጆንያ ላይ እስከ 1 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል፣ 2 ወር ማለፉ መጋዘንዎን ንጹሕ አያደርገውም። ወለሉን መጀመሪያ በሳሙና አጥበው ቆሻሻውን ያስወግዱ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠው ያርከፍክፉና 10 ደቂቃ ያህል ሳይደርቅ ያቆዩት። እህሉና ቡናው ቀድሞ ይነሣ፤ የፊተኛዋ የተኛችበት ጆንያና የበላችበት ሳሕን ይቃጠል ወይም ይጣል። እስከ መጨረሻው ክትባት፣ ከዚያም በኋላ ቢያንስ ለ1 ሳምንት፣ ግልገሏ መኖሪያ ቤት ውስጥ ትቆይ።

12 ሳምንት ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ይጨመርላት፤ ይህም ከ1 ዓመት በኋላ ይደገማል። መጋዘን የምትውል ድመት ከሰፈር ውሻ ጋር መገናኘቷ ስለማይቀር ይህን የሚያልፉት አይሁን። ወደ መጋዘኑ ከመግባቷ በፊት ደግሞ በየጥጉ የተቀመጠውን የአይጥ መርዝ፣ ጣሪያው ሥር ያለውንም ጭምር፣ ሰብስበው ያስወግዱ፤ መርዝ የበላን አይጥ የበላች ድመትም ትመረዛለችና ሞተው የተገኙ አይጦችን ቀድመው ይቅበሯቸው።